አባቴን ሶደሬ የወሰድኩ ዕለት

ስለ ሰማይ ቤት የማያውቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ስለ ጅማ ብትጠይቁት «ሄጄ አላውቅም» ብሎ በትሕትና የሚመልስላችሁ ሰው፣ ስለ ወዲያኛው ዓለም ስትጠይቁት ግን እዚያ ተወልዶ ያደገ ይመስል በሩን፣ ዘበኛውን፣ ወንዙንና ድልድዩን አንድ በአንድ ይቆጥርላችኋል። ሄዶ የተመለሰ ስለሌለ አስተባባይ የለበትም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁሉንም አምናለሁ። መጽሐፉ የሚለውንም አምናለሁ፤ አክስቴ የምትለውንም አምናለሁ። ሁለቱ እንደማይስማሙ የገባኝ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከሞላኝ በኋላ፣ ከአገሬ ርቄ፣ እዚህ አዳማ ላይ፣ በአባቴ ጉልበት ምክንያት ነው።

አዳማ የመጣሁት ለሥራ ነው። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ተሰፍቶ ያለቀውን ሱሪ እያገላበጥኩ እመረምራለሁ፤ ክሩ የተመዘዘውን፣ ኪሱ የጠመመውን፣ ቁልፉ የላላውን ለይቼ እመልሳለሁ። ሥራው ከጠባዬ ጋር ይስማማል። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ መቆለፌን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ የምመለስ፣ ጾም ሊገባ ሲል ድስቱን ብቻ ሳይሆን የድስቱን ክዳን እጀታ ጭምር የምፈትግ ሴት ነኝ። የሚወዱኝ «ጥንቁቅ» ይሉኛል። የማይወዱኝ የሚሉኝ ለጊዜው ይቅር።

አባዬ ማርቆስ አካባቢ ገበሬ ነበር፤ ቀኝ ጉልበቱን ያመው ነበር። በስልክ በተገናኘን ቁጥር ስለ ጉልበቱ ሳይነግረኝ አይዘጋም። እኔም አንድ ቀን፣ ሶደሬ የሚባል ቦታ እዚሁ አጠገባችን እንዳለ፣ ውሃው እሳት ሳይነድበት ከመሬት እየፈላ እንደሚወጣ፣ ጉልበት የያዘው ሰው ሁሉ እዚያ እንደሚዘፈዘፍ ነገርኩት። «እንጨቱን ማን ይፈልጣል?» አለኝ። እግዜር ነው አልኩት። «እንግዲያው ይሞቃል» አለ። ክረምቱ ይውጣ እንጂ አመጣሃለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። ክረምቱ ወጣ። ሌላም ክረምት ገብቶ ወጣ። አራት ክረምት እንዲህ ሲገባና ሲወጣ አባዬ ሞተ።

መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ የነበረበት ሰሞን ስለሆነ መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ሰው አልቅሶ ተነሥቷል፤ ድንኳኑ ፈርሷል፤ ጎረቤት ወደ እርሻው ተመልሷል። አባዬ አፈር ሲለብስ እኔ ምን እያደረግሁ እንደነበር ቀኑን ቆጥሬ ደረስኩበት። ሱሪ እያገላበጥኩ ነበር።

አርባው በወጣ በሳምንቱ፣ ከሥራ ስንመለስ፣ የፋብሪካው ሰርቪስ ውስጥ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። የአዳማ ሙቀት ከቀትር በኋላ ሰውን እንደ ቅቤ ያቀልጣል፤ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ አቧራውንና የመኪናውን ድምፅ አንድ ላይ አደባልቆ ዓይን ላይ ያፈሰዋል። አባዬ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል። ከኋላው ነጭ ጉም ይሁን እንፋሎት ያልለየሁት ነገር ቀስ እያለ ይወጣል። ቀኝ ጉልበቱን በመዳፉ እያሸ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ ልክ ማመልከቻው የዘገየበት ሰው ጸሐፊዋን እንደሚጠይቅ አድርጎ «ያ ውሃ ግን የት ደረሰ?» አለኝ።

ስነቃ ሰርቪሱ ጋራዥ ገብቶ ቆሟል። ሹፌሩ ወለሉን እየጠረገ እኔ ጋ ሲደርስ እግሬን እንዳነሣለት ጠየቀኝ።

ሁለተኛው ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግድግዳውን ተደግፌ ስብከት እሰማ ነበር፤ ማለትም እሰማ የነበረ ይመስለኛል። ያው ድንጋይ፣ ያው ጉም፣ ያው ጥያቄ። በዚህኛው ግን መለስኩለት፤ «እሺ አባዬ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ለካ ሰባኪው «ይህችን ዓለም ትተን ለመሄድ ዝግጁ ነን ወይ?» ብለው መጠየቃቸው ነበር። ከዚያ ሁሉ ምእመን እሺ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዳንድ እናቶች ሲያዩኝ ነጠላቸውን አስተካክለው እጅ ይነሡኛል።

ሦስተኛው ጊዜ ሥራ ላይ ነው፤ ይህን ባልናገረው እመርጥ ነበር። ዓይኔ ተከፍቶ፣ እጄ እየሠራ፣ ልቤ ግን ድንጋዩ ዘንድ ሄዶ ሳለ አንድ ሱሪ «ደኅና ነው» ብዬ አሳለፍኩ። አንደኛው እግሩ ከታች በኩል ድፍን ተደርጎ ተሰፍቷል። አለቃዬ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችውና፣ ይህን የሚለብስ ሰው እግሩን በየት በኩል እንዲያወጣ እንደፈለግሁ በጨዋ ደንብ ጠየቀችኝ። ነገሩን ለሰው ማማከር እንዳለብኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ያማከርኳቸው አከራዬን እማማ አሰገደችን ነው። እማማ አሰገደች አዳማ ተወልደው አዳማ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ከአዋሽ ማዶ አልፌ አላውቅም ይላሉ። ስለ ሰማይ ቤት ግን የሚያውቁት ስለ ቀበሌያቸው ከሚያውቁት ይበልጣል። ቤት የገባች ቢራቢሮ የሞተ ዘመድ ነፍስ ስለሆነች አትባረርም። ለሟች ከልክ በላይ ማልቀስ አይገባም፤ እንባው ከፊቱ ተጠራቅሞ ባሕር ይሆንበትና ነፍሱ መሻገር ያቅታታል። ይህን ሲነግሩኝ፣ አሥራ አንድ ቀን ዘግይቼ ባለቀስኩት እንባ አባዬን መንገድ ላይ አስቀርቼው እንዳይሆን ብዬ ፈራሁ።

ሕልሙን ከነገርኳቸው በኋላ እንደ ሐኪም ጠየቁኝ። ምን ለብሶ ነበር? ፊቱ ወዴት ነበር? ሰጠሽ ወይስ ተቀበለሽ? አልሰጠኝም፣ አልተቀበለኝም፣ ጠየቀኝ እንጂ አልኳቸው።

«ከጠየቀማ አለቀ» አሉኝ። «ጫማ የጠየቀ ጫማ ይሰጥለታል። ጋቢ የጠየቀ ጋቢ ይሰጥለታል። የእኔው ባል በሞተ በዓመቱ ሬዲዮ ጠየቀኝ።»

«ሬዲዮ?»

«ለአንድ ዓይነ ስውር በስሙ ሰጠሁለት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።»

የጠየቀውን ነገር በስሙ ለችግረኛ መስጠት ነው እንግዲህ። ልማዱ በእኛም አገር ያለ ነው፤ አዲስ አልሆነብኝም። ግን ጫማ ይገዛል፣ ጋቢ ይገዛል፤ ፍል ውሃ እንዴት ይሰጣል? አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩና ጥንቁቅ ሰው የሚያስበውን አሰብኩ። ጀሪካን።

ቅዳሜ ሶደሬ ሄድኩ። ከምንጩ ቀዳሁ፤ እንዳይቀዘቅዝ በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ መንገዱን ሙሉ በትዝብት ሲያዩኝ ቆይተው፣ ልጁን እንዲህ ከነፊቱ መሸፈን እንደማያሳድገው መከሩኝ። እኔም ማስረዳቱ ስለረዘመብኝ ጋቢውን ከአፉ ላይ ገለጥ አደረግሁላቸው። ቢጫውን ክዳን ሲያዩ ሌላ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ።

እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እግራቸው ላበጠ አንዲት ነዳይ እናት ከጀሪካኑ አፈሰስኩላቸው። ውሃው በሌሊት ስለቀዘቀዘ እንደገና ምድጃ ላይ አሙቄው ነበር። ታጠቡ። «እፎይ፣ ቀለለኝ» አሉ። ጥፋቱ የመጣው ከዚህች ቃል ነው። ከአጠገባቸው ያሉት እግራቸውን ዘረጉ። ከእነርሱ ቀጥሎ ከቅዳሴ የሚወጣ ሰው ቆመ። የየት ጸበል እንደሆነ አንዷ ጠየቀች፤ እኔ የሶደሬ ነው ከማለቴ፣ ከኋላ ያለች ሴት እዚያ ስለፈለቀ አዲስ ጸበል ሰምታ እንደነበር መሰከረች። ወዲያው ሰልፍ ሆነ። ሰዎች ባዶ ሃይላንድ ይዘው መጡ። ጸበል አይደለም፣ ጉልበት ማሻ ነው ብዬ ብለምን ትሕትና መሰላቸው። አንዲት ወይዘሮ በአንድ ትንፋሽ ጠጡና ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ድኝ ድኝ ይላል ውሃው። «ጸበል ሲከብድ እንዲህ ነው» አሉና ድገሚኝ አሉ።

የንስሐ አባቴ አስጠሩኝ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ተናዘዝኩላቸው፤ በመስቀላቸው አፋቸውን ከልለው ሰሙኝ። ሲስቁ ነበር ብዬ አልናገርም፤ መስቀሉ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ፍትሐቱ ተደርጎለታል። ጸልዪለት፤ ነዳያን አብዪለት። ሕልም ግን ደብዳቤ አይደለም።»

«አባቴ፣ ጉልበቱን እኮ ያመዋል።»

«ጉልበቱ ማርቆስ መቃብር ውስጥ ነው ያለው፤ እስከ ትንሣኤ ድረስ ከዚያ አይንቀሳቀስም። ነፍሱ በፈጣሪዋ እጅ ናት። ነፍስ ጉልበት የላትም።»

«እንግዲያው ሲያሸው ያየሁት የማንን ጉልበት ነው?»

መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ። ይህ ጥያቄ በጉባኤ ቤት አልገጠመኝም ማለታቸው ይመስለኛል። ከዚያ ሰው ስላሳሳትኩ ንስሐ ሰጡኝ፤ አርባ ስግደት። ሰገድኩ። በማግስቱ ጉልበቷን የሚያማት ሰው እኔ ሆንኩ።

ስግደቱም አባዬን አላስቀረውም። በዚያው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት፣ ተመልሶ መጣ። ጉሙ ጨምሯል። አሁን የሚያሸው ሁለቱንም ጉልበቶቹን ነው። «አንዱ ብቻ ነበር እኮ» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ባይቆጣ ይሻል ነበር ወይስ ቢቆጣ፣ እስካሁን አላውቅም።

እማማ አሰገደች ስሕተቴን ወዲያው አገኙት። ምድጃ ላይ የሞቀ ውሃ የቧንቧ ውሃ ነው፤ እሱ የጠየቀው በራሱ የፈላውን ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ተፈልጎ፣ እቦታው ድረስ ተወስዶ፣ በስሙ መዘፈቅ አለበት። ሰውየውንም መርጠው ጨርሰዋል፤ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ጋሽ ቶሎሳ ችግረኛ አይደሉም ብላቸው፣ «ጴንጤ ነው፤ ተዝካር የሚያወጣለት የለው። ከዚህ በላይ ምን ችግር አለ?» አሉኝ።

ጋሽ ቶሎሳ የሁሩታ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከዘራ የማይለያቸው። «አካም ጅርታ» ብለው ከተቀበሉኝ በኋላ ፓፓያው ሥር ወንበር ሳቡልኝ። የመጣሁበትን ጉዳይ እንደ ሒሳብ ተማሪ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሌላ ሰው ሆኜ አልታጠብም። እኔ ቶሎሳ ነኝ። በአባትሽ ስም ገብቼ በአባትሽ ስም ብወጣ ውሸት ይሆንብኛል።»

ስሙን በልብዎ ብቻ ቢይዙት አልኳቸው። የልብ ውሸት ከአፍ ውሸት እንደሚብስ ነገሩኝ። ከዚያም በእርጋታ ያስረዱኝ ጀመር። የሞተ ዐርፏል። ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ እንኳ በዚያው ዕለት ነው ገነት የገባው፤ አርባ አልተቆጠረለት፣ ድንኳን አልተተከለለት። ከዚያ ወዲህ መመላለስ የለም። ሕልም የደከመ አእምሮ ሥራ ነው። በዚያና በዚህ መካከል ትልቅ ገደል አለ።

«ያ የወንጌሉ ሀብታም እንኳ» አሉ፣ «ከእሳቱ ውስጥ ሆኖ አንዲት ጠብታ ውሃ ሲለምን...»

እዚህ ላይ አቆሙ። እኔም የሰጡኝን የውሃ ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

ታሪኩን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው የኖርኩት። ይህ ግን ታይቶኝ አያውቅም። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሞቶ ውሃ የጠየቀው አንድ ሰው ነው፤ የጠየቀበት ቦታም ይታወቃል። ከአባዬ ኋላ ቀስ እያለ ሲወጣ የነበረው ነጭ ነገር ጉም ይሁን እንፋሎት ለይቼ አላውቅም ብያችሁ ነበር። ጭስ ሊሆን እንደሚችል ያሰብኩት ፓፓያው ሥር ነው።

ጋሽ ቶሎሳ ፊቴን አይተው ወንበራቸውን አስጠጉ።

«አባትሽ ሀብታም ነበሩ?»

«አንድ በሬ ነበረው። ከጎረቤት እየተቀናጀ ነበር የሚያርሰው።»

«እንደ ሀብታሙ በራቸው ላይ የወደቀ ድኻ ነበረ?»

«በር አልነበረውም ጋሼ። እሾህ ነው የሚደፍነው።»

«እንግዲያው እሳቸው አይደሉም» አሉ። የሒሳብ መልስ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት። መነጽራቸውን መልሰው ለማድረግ ግን ጆሯቸውን ሁለት ጊዜ ሳቱት።

አላመንኳቸውም። ማለት፣ በአእምሮዬ አመንኳቸው፤ ጉሮሮዬ ግን አላመነም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ ስጠጣ ያንቀኝ ጀመር። ብርጭቆ ባነሣሁ ቁጥር አንዲት ጠብታ የሚለምን አፍ ይታየኛል፤ አፉ ደግሞ የአባዬን ይመስላል። በአዳማ ሙቀት ውሃ መጠጣት የተወ ሰው እንዴት እንደሚሆን አልነግራችሁም። ሥራ ቦታ ሱሪዎቹ ብቻቸውን ሲራመዱ ማየት ጀመርኩ። እማማ አሰገደች የሆነውን ሲሰሙ አጥሩ ሥር በርጩማ አስቀምጠው ወጡና አንገታቸውን አሻግረው «ቶሎሳ፣ ልጅቷን በጥቅስ ልትገድላት ነው?» አሉ። ከወዲያ ማዶ በር ሲዘጋ ተሰማ። ጋሽ ቶሎሳ እማማ አሰገደችን ሳይከራከሩ ቤታቸው ሲገቡ ያን ዕለት የመጀመሪያቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው በራችን ላይ ቆሙ።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ» አሉ። «ስለ አባትሽ አይደለም፤ ስለ ጉልበቴ ነው። ይህ ይታወቅልኝ።»

ታወቀላቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሆነን ሄድን። እማማ አሰገደች ያለ እሳቸው ሥርዓቱ እንደማይሞላ ወስነው፣ በአባዬ ስም ለነዳያን የሚሰጥ ድፎ ዳቦ በነጠላ ቋጥረው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ሚኒባሱ ውስጥ የተነሣው ክርክር፣ ሰው እዚያ ቤት ሲደርስ የሚያውቀውን ሰው ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚል ነው። ሁለቱም እንደሚያውቅ ተስማሙ፤ የተጣሉት ከተስማሙ በኋላ ነው።

«እንግዲህ እዚያም ጎረቤቴ ልትሆን ነው» አሉ እማማ አሰገደች።

«መኖሪያው ብዙ እንደሆነ ተጽፏል» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ራቅ ያለውን እጠይቃለሁ።»

ሶደሬ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው፤ ቀጥሎ የትልልቆቹ ዛፎች ጥላ፤ ከዚያ ጦጣዎቹ። እማማ አሰገደች ነጠላውን ፈትተው ዳቦውን ሊባርኩ ጎንበስ ከማለታቸው አንዱ ጦጣ ከላይ ወርዶ ድፎውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወጣ። ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እያየን፣ እየቆረሰ፣ ለዘመዶቹ እያከፋፈለ በላው። እኔ ደነገጥኩ፤ በአባዬ ስም የመጣ ዳቦ ነው። እማማ አሰገደች ግን ፍርድ ለመስጠት አልዘገዩም። ጦጣም የእግዜር ነዳይ ነው፤ ይቆጠርለታል። ጋሽ ቶሎሳ ስለዚህ ጉዳይ ጥቅስ እንደማያውቁ ተናገሩ።

ሳላስበው የቀረሁት አንድ ነገር ነበር፤ የወንዶቹ መታጠቢያ ወንድ ብቻ የሚገባበት ነው። ከዚያ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ጉልበቶቹ ውሃው ውስጥ መግባታቸውን በዓይኔ ማየት አልችልም። በሩ ላይ ከድር የሚባል ዘበኛ ነበር። ቀርቤ፣ አሁን የገቡት ባለ ከዘራ ሽማግሌ ሁለቱንም ጉልበቶች መንከራቸውን እንዲያይልኝ ለመንኩት። ሁለቱንም መሆኑ ለምን እንዳስጨነቀኝ ቢጠይቀኝ ከአባዬ ቀኝ ጉልበት ጀምሬ እስከ ፓፓያው ድረስ ነገርኩት። አልሳቀም። ኮፍያውን አስተካክሎ ገባ።

ሲመለስ «ሁለቱም ገብተዋል» አለኝ። «እየዘመሩ ነው።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ገብቶ ወጣ። አሁንም እየዘመሩ ነው፤ ውጡ ሲባሉ ሌላ መዝሙር ይጀምራሉ።

ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። እማማ አሰገደች ጫማቸውን አውልቀው ተኝተዋል። ከወዲያ አዋሽ ቡናማ ሆኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የትም የማይቸኩል መስሎ ይሄዳል። ከምንጩ የሚነሣው እንፋሎት በቅጠሉ መካከል በሚገባው ፀሐይ ላይ ተንጠልጥሎ ነጭ ጋቢ ይመስላል። አባዬ የሚመጣው አሁን ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ጉም አየሁ፤ ድንጋዩን አየሁ። ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። ጠበቅሁ። በሕልሜ ውስጥ ተቀምጬ ሰው ጠበቅሁ። ስነቃ ፊቴ በእንፋሎቱ ይሁን በሌላ ረጥቧል፤ ጋሽ ቶሎሳም ታጥበው፣ ፊታቸው አብርቶ፣ አጠገቤ ቆመዋል።

ከዚያ ወዲህ አባዬ አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ሰርቪስ ውስጥ ሆን ብዬ ተኛሁ፤ ሁለት ጊዜ ጋራዥ ገባሁ፤ ባዶ ነው። እማማ አሰገደች፣ የጠገበ አይጣራም፣ ደርሶታል አሉኝ። የንስሐ አባቴ፣ ነገሩ ድሮም ሕልም ነው፣ ቀረ በቃ አሉኝ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ዝም ያለ ሰው የጠገበ ነው ወይስ ገደሉ ማዶ ሆኖ ድምፁ የማይሰማ ነው? ይህን የሚለይልኝ አጣሁ። ከዚህም የባሰ፣ ለሰው ለመናገር የሚያሳፍር ነገር ነበረ። ሲመጣ ይወቅሰኝ እንጂ ይመጣ ነበር። ሳይቀበር ልደርስለት ያልቻልኩትን ሰው ሰርቪስ ውስጥ፣ ስብከት ላይ፣ ሥራ ላይ አገኘው ነበር። ጉልበቱን አሽሬ እሱን አጣሁት።

አንድ ሰኞ፣ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በር ተንኳኳ። ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ወደ አጥሩ አዩ፤ እማማ አሰገደች ገበያ መሄዳቸውን ጠየቁኝ። ሄደዋል አልኳቸው። ግቡ ብላቸው አልገቡም። ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ።

«ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ነበር» አሉ። «አንድ ሰው አየሁ።»

በሩን ሙሉ በሙሉ ከፈትኩላቸው።

«የማላውቀው ሰው ነው። ውሃ ዳር ነው። ፊቱን ታጥቦ ተነሣና ዳገቱን ወጣ። ዱላ የለው፣ አያነክስ። ዞር ብሎ፣ ልጄን ሰላም በልልኝ አለኝ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህን ለቤተ ክርስቲያናችን ሰው አትናገሪ። ለአሰገደች ደግሞ ጨርሶ።»

እሺ አልኳቸው።

ሊሄዱ ዞረው ተመለሱ። ዓይናቸውን ከከዘራቸው ላይ አላነሡም።

«ረጅም ሰው ናቸው አባትሽ? ጢማቸው ሙሉ፣ ነጭ?»

አባዬ አጭር ነበር። የእኔን ያህል እንኳ አይደርስም፤ በዘመድ ሠርግ ላይ ፎቶ ስንነሣ ድንጋይ ላይ ያቆምነው ሰው ነው። ጢም የሚባል ነገር በቅሎለት አያውቅም፤ በዚህም እድሜውን ሙሉ ሲቀለድበት ኖሯል። ጋሽ ቶሎሳ ደግሞ የአባዬን ስም በልባቸው መያዝ ውሸት ይሆንብኛል ብለው የተከራከሩኝ ሰው ናቸው። ወይ ስለ እኔ ብለው ይዋሻሉ፣ ወይ የሌላ ሰው አባት መንገድ ስቶ እሳቸው ዘንድ ገብቷል፣ ወይ ደግሞ እዚያ ቤት የደረሰ ሰው ሥጋው ይለወጣል ተብሎ የለ፣ አባዬ ቁመት ተጨምሮለት ጢም በቅሎለት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ መርምሬ መለየት ሥራዬ ነበር። ፊታቸውን አየሁ። ሰባት ልጅ ያሳደጉ፣ ሺህ ተማሪ ያረሙ፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ስለ እኔ ጉሮሮ ሶደሬ ድረስ የሄዱ ሽማግሌ፣ መልሴን እንደ ፈተና ውጤት እየጠበቁ ነው።

«አዎ ጋሼ» አልኳቸው። «አባዬ ነው።»